ቁልፉ ከግድግዳው ወዲህ፣ መኪናዋ ከግድግዳው ወዲያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። አስተማሪ ነኝ። ያገለገለች አውቶማቲክ መኪና ከገዛሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ቁልፍ የሚሰካባት አይደለችም። ሪሞቱ ቦርሳዬ ውስጥ ካለ እጀታውን ስነካ ትከፈታለች፤ ማስነሻውን ስጫን ትነሳለች። ቅዳሜና እሁድ ካቆምኳት ግን ሰኞ ጠዋት ቀጭ ቀጭ ብላ ዝም ነው። የሰፈር ልጆች ቁልቁል ገፍተው ሊያስነሷት ሞክረው አልሆነም። ባትሪ ቀይሪ ተብዬ አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ያው ሆነ። አሁን ደግሞ አንዱ «ባትሪሽን የሚበላው ሪሞቱ ነው» አለኝ። ሪሞቱን የምሰቅለው ሳሎን በር አጠገብ ሚስማር ላይ ነው። መኪናዋ የምትቆመው ከዚያው ግድግዳ ማዶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይስ እየቀለዱብኝ ነው?
አስተማሪዋ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አልቀለዱብሽም። ግን ነገሩን እስከ ጫፍ አልነገሩሽም።

መጀመሪያ ስለ መግፋቱ። አውቶማቲክ መኪና ተገፍታ አትነሳም። ሞተሩ ካልሠራ ደግሞ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል። የደሴን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። ልጆቹን አመስግኚያቸው፣ ሁለተኛ ግን እንዳይሞክሩት። ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አስነሺያት።

ወደ ሪሞቱ እንምጣ። ሚስማር ላይ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ይመስላል እንጂ ጆሮው ክፍት ነው። መኪናዋ ደካማ የሬዲዮ ምልክት ትልካለች፤ በብዙዎቹ መኪኖች 125 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ከአንድ ሁለት ሜትር ብዙም አያልፍም። ሪሞቱ ከሰማ «አለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህ የሚሆነው እጀታውን ስትነኪ ብቻ ከሆነ ጣጣ የለውም። አንዳንድ መኪኖች ግን ቁልፉ ቀርቦ እንደሆነ በየጊዜው ይጣራሉ። ሪሞቱ ቅርብ ከሆነ ሲጠሩትና ሲመልስ ያድራሉ፤ የመኪናዋ ኮምፒውተሮችም በቅጡ አይተኙም። ብሎኬትም ሆነ ጭቃ ግድግዳ ይህን ምልክት ብዙ አያግደውም። የቶዮታ መመሪያዎች ውስጥ ቁልፉ ከመኪናው 2 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ሲተው ሲስተሙ ወደ ባትሪ ቁጠባ እንደሚገባ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ሪሞቱን ከሚስማሩ አውርደሽ ራቅ ያለ ክፍል አስገቢው። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሚከቱም አሉ። ክዳኑ በደንብ ከገጠመ ይሠራል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሪሞቱን የከተትሽበትን ቆርቆሮ ይዘሽ መኪናዋ አጠገብ ቁሚና እጀታውን ንኪ። ከተከፈተች ቆርቆሮው ለብስኩት ብቻ ነው የሚሆነው።

እኔ ግን ሪሞቱን ብቻ ጥፋተኛ አላደርግም። ሂሳቡን እዪው። ጤነኛ መኪና ተቆልፋ ስትተኛ 50 ሚሊ አምፒር ብትወስድ፣ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አምፒር ሰዓት ያህል ይይዛል። በዚህ አካሄድ ሳምንታት ይቆያል። የሆነ ነገር ሳይተኛ እያደረ 300 ሚሊ አምፒር ቢወስድ ግን በቀን 7.2 ይሆናል፤ በሦስት ቀን ግማሹ ባትሪ ሄደ ማለት ነው። መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ሪሞቱን እያናገረች ከሆነ ደግሞ የሪሞቱ የራሱ ትንሽ ባትሪም ቶሎ ቶሎ ማለቅ አለበት። በየሁለት በየሦስት ወሩ እየቀየርሽ ነው? ካልሆነ ሌላ በላተኛ አለ።

መጀመሪያ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመ ነገር ነው። ያገለገለች መኪና ብዙ እጅ ነክቷታል። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ቴፕ በቀጥታ ከባትሪው ይቀጠላል። መኪናዋ ስትተኛ እነሱ አይተኙም። ሁለተኛው አጭር ጉዞ ነው። ከቤትሽ ትምህርት ቤት ድረስ ስንት ደቂቃ ነው? ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሳት ከባትሪው የወሰደውን፣ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ሳይመልስ ታጠፊያታለሽ። ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። እኛ ኮምቦልቻ ባትሪ የሚያስረጅብን ሙቀቱ ነው፤ ማርጀቱ የሚታወቀው ግን እናንተ ዘንድ፣ ጦሳ ተራራ ስር ሲያድር ነው። በሳምንት አንዴ ሐይቅ ከተማ ድረስ ነድተሽ ብትመለሺ ለባትሪውም ለአንቺም ጥሩ ነው።

አሁን ቴስተር፣ ማለትም የኤሌትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ፈልጊ። መኪናዋ ቆማ ጥቂት ሰዓት ካረፈች በኋላ የባትሪውን ቮልት ለኩ። 12.6 ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ግድም ነው። ከ12 በታች ከሆነ አልቋል በይው። አንድ ሌሊት ሪሞቱ ሚስማሩ ላይ ይደር፣ ሌላ ሌሊት ሩቅ ክፍል ይደር። የሁለቱን ጠዋት ቁጥር አወዳድሪ። በግልጽ ከተለያየ ሚስማሩን ንቀዪው። ካልተለያየ የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

እዚህ ላይ ግን ዓይንሽን ክፈቺ። ባለሙያው ቴስተሩን ኔጋቲቩ ላይ ቀጥሎ የሚፈሰውን አምፒር ሲለካ፣ ሪሞቱ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ እዪ። እሱው ኪስ ውስጥ ከትቶት ኮፈኑ ላይ ተደግፎ የሚለካ ብዙ አይቻለሁ። መኪናዋ ባለቤቷ የመጣች መስሏት አትተኛም። ቁጥሩ ይበዛል። ከዚያ ደህናው ኮምፒውተር «ተበላሽቷል» ይባልና ገንዘብ ትጠየቂያለሽ። ሪሞቱ ራቅ ይበል፣ በሮቹ ይዘጉ፣ እናንተም ግማሽ ሰዓት ያህል ሻይ ጠጡ። እውነተኛው ቁጥር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሁንም ከ50 ሚሊ አምፒር ብዙ ከበለጠ ፊውዝ አንድ በአንድ እየተነቀለ ይፈለጋል። ከባትሪው በቀጥታ የተቀጠለ አላርም ግን እንዲህ ላይገኝ ይችላል፤ ሽቦውን በዓይን መከተል ነው።

ጥያቄ፦ የሪሞቱ ትንሿ ባትሪ መንገድ ላይ ብታልቅብኝ በረሃ መቅረቴ ነው?
ከወልዲያ

መልስ፦ አትቀርም ወንድሜ። ሪሞቱን አገላብጠህ እየው፤ አብዛኛዎቹ ውስጣቸው ቀጭን የብረት ቁልፍ አለ። በሾፌሩ በር ይገባል፤ ቀዳዳው አንዳንዴ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ከገባህ በኋላ ፍሬን ርገጥ፣ ሪሞቱን ማስነሻው ላይ አስጠጋ፣ ከዚያ ተጫን። ሪሞቱ ውስጥ ባትሪ ሳያስፈልገው የሚሠራ ቺፕ አለ። አንዳንድ መኪና ላይ የሚጠጋበት ቦታ ሌላ ነው፤ መመሪያውን እቤት ሳለህ እየው።

ባትሪዋን ስትገዛ አሮጌዋን ይዘህ ሂድና ቁጥሩን አመሳስል። 2032 እና 1632 ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፤ ስፋታቸው ግን ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሪሞቱን ቲቪ ወይም የስልክ ቻርጀር አጠገብ አታስቀምጥ፤ ባትሪዋ ቶሎ ታልቃለች።