ልጄ ጉልበቱ አጠገብ አጥንት አበቀለ፣ ላስወጣለት ወይስ ልተወው?

ጥያቄ

ዶክተር እንደምን አሉ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ጥቅምት ላይ ገላውን ሳጥበው ከግራ ጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል የሆነ ነገር እጄን ጎረበጠኝ። መጀመሪያ ኳስ ሲጫወት የተመታ መስሎኝ ቅባት ቀባሁት፣ ግን ዶክተር እብጠት አይደለም፣ ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ ወዲያ ወዲህ አይልም፣ ስጫነውም አያመውም። አሁን ቁጭ ሲል በዓይንም ይታያል፣ ጉልበቱን ሲያጥፍ ደግሞ አንዳንዴ ቋ ይላል ይለኛል። ሆስፒታል ወስጄው ኤክስሬይ ተነሳ፣ ሀኪሙ አየት አርጎ «ትርፍ አጥንት ነው፣ ምንም አይደለም ተይው» ብሎ ሸኘን። ወረቀቱ ላይ ኦስቲኦኮንድሮማ ይላል። አንዷ ጎረቤቴ መጨረሻው «ኦማ» የሚል ነገር ሁሉ ካንሰር ነው ብላ ከነገረችኝ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አማቴ ወጌሻ ጋር ሄዶ በቅቤ ይታሽ ትላለች። ባለቤቴ ግን ምንም አልመሰለውም፣ «እኔም እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ አለኝ» ብሎ ከትከሻው ዝቅ ብሎ ክንዱ ላይ ያለውን አሳየኝ፣ እኔ እስከዛሬ ድሮ የተሰበረ ነበር የሚመስለኝ። ኦፕሬሽን ይደረግ ወይስ ይተው? ትንሿ ልጄም 4 ዓመቷ ነው፣ ለሷም ፈራሁ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

መልስ

እህቴ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር ልጀምር። «ኦማ» ማለት በህክምና አጠራር እባጭ እንደማለት ነው እንጂ ካንሰር ማለት አይደለም። ቆዳ ስር የሚወጣው ለስላሳ የስብ እባጭ ራሱ ሊፖማ ነው የሚባለው፣ ስንቱ ሰው ተሸክሞት ያረጃል። ኦስቲኦኮንድሮማ ደግሞ ካንሰር ካልሆኑት የአጥንት እባጮች ሁሉ በብዛት የምናየው ነው።

አመጣጡን ልንገርሽ፣ ካወቅሽው ፍርሀቱ ይቀልልሻል። የልጅ አጥንት የሚረዝመው ከመሀሉ አይደለም፣ ጫፎቹ አጠገብ ካለች ስስ የካርቲሌጅ (ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት) ንጣፍ ነው። ከዚች ንጣፍ ትንሽ ቁራጭ አቅጣጫ ስታ ወደ ጎን ከወጣች ስራዋን አታቆምም፣ እዛው ሆና አጥንት መስራቷን ትቀጥላለች፣ ልዩነቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን መሆኑ ነው። ግንዱ አጥንት፣ አናቱ ላይ የካርቲሌጅ ቆብ ያለው፣ እንጉዳይ በይው። ጉልበት አካባቢ የሚበዛውም የእግር እድገት አብዛኛው እዛ ስለሆነ ነው። ኤክስሬዩ ላይ ካየሽው አንቺ በእጅሽ ከምትዳስሺው አንሶ ይታይሻል፣ አትደናገሪ፣ ቆቡ ካርቲሌጅ ስለሆነ ኤክስሬይ አያሳየውም። ሲያጥፍ ቋ የሚለው ደግሞ በጭኑ ውስጠኛ በኩል የሚወርዱት ጅማቶች ጉብታውን ዘለው ሲያልፉ ነው፣ ካላመመው ችግር የለውም።

ልጁ ቁመት እስከጨመረ ድረስ እሱም አብሮት ሊጨምር ይችላል፣ ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 17 ዓመት አካባቢ ማደግ ሲያቆሙ እሱም ያቆማል። ስለዚህ ዘንድሮ ከአምናው ተለቅ ቢልብሽ ያ ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም። ልጁ ማደግ ካቆመ በኋላ ጉብታው ማደግ ከቀጠለ ግን ያኔ ሌላ ታሪክ ነው፣ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን ቆም ያረገኝ እሱ ያለው ነገር ነው። ሀኪሙ ምንም አይደለም ማለቱ ላንድ ጉብታ ልክ ሊሆን ይችላል፣ ግን አባትየውንም አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ያለ አይመስለኝም፣ ያንቺም ነገር እዛ ላይ ነው የጎደለው። አባትና ልጅ ሁለቱም ካላቸው ይሄ በዘር የሚሄደው አይነት ሊሆን ይችላል፣ በሱ ጊዜ ጉብታው አንድ ሳይሆን ብዙ ቦታ ነው የሚወጣው። አባት ወይም እናት ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ እድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወንድ ሴት አይልም። ማንም ያመጣው ጥፋት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ እባክሽ ቤት ውስጥ ካንተ ነው ከሷ ነው የሚል ነገር እንዳይነሳ። ባለቤትሽ ክንዱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ሊሆንም ስለሚችል እሱም በኤክስሬይ ይታይ።

ታዲያ ዛሬ ማታ እንዲህ አርጊ፣ ልጁን ቁምጣ ብቻ አልብሰሽ መብራት ስር አቁሚው፣ ከዛ በሁለቱም እጅሽ ግራና ቀኙን እኩል እየዳሰስሽ ውረጂ፣ ትከሻው፣ የጎድን አጥንቱ፣ የእጁ አንጓ፣ ጉልበቱ ላይና ታች፣ ቁርጭምጭሚቱ። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ የሌለ ነገር ከነካሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ክንዶቹን አስዘርጊውና አንዱ ከሌላው አጥሮ ወይም ጎብጦ እንደሆነ እይ፣ ጉልበቶቹም ወደ ውስጥ ተጋጥመው እንደሆነ ተመልከቺ። ብዙ ጉብታ ያለበት ልጅ ላይ አንዱ አጥንት ከጎረቤቱ ወደ ኋላ ቀርቶ እጅ ወይም እግር ሊጣመም ይችላል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ይስተካከላል። ትንሿንም እንደዛው ዳብሻት፣ ባታገኚባትም ገና 4 ዓመቷ ስለሆነ በየዓመቱ ድገሚው።

አማትሽ በቅንነት እንዳሉት አውቃለሁ፣ ወጌሻን የምናከብር ሰዎች ነን፣ እኔም ልጅ ሆኜ ታሽቻለሁ። ይሄ ግን የወለቀ ወይ የተጣመመ ነገር አይደለም እኮ፣ ወደ ቦታው የሚመለስ ምንም ነገር የለም፣ ከአጥንቱ ጋር አንድ ሆኖ የበቀለ ነው። በማሸት አይሟሟም። ሲታሽ የሚሆነው በላዩ ያለው ስጋ ይቆጣና ውሀ ይቋጥራል፣ ያልነበረ ህመም ይጀምራል፣ ግንዱ ቀጭን ከሆነም ሊሰበር ይችላል፣ ከጉልበት ጀርባ ደግሞ የእግሩ ትልቁ የደም ስር ያልፋል። እዚህ ላይ ለሌሎች እናቶችም ጮክ ብዬ መናገር የምፈልገው አለ፣ ኤክስሬይ ያልተነሳ የአጥንት እባጭ በፍጹም አይታሽ። ካንሰር የሆነው የአጥንት እባጭም የሚወደው ይሄንኑ እድሜና ይሄንኑ ጉልበት አካባቢ ነው፣ ሲታሽ የሚባክነው ወር ደግሞ እግሩን ወይም ህይወቱን የሚያስከፍል ወር ነው። ጸበል ከፈለግሽ ግን ውሰጂው፣ አልከለክልሽም፣ ኤክስሬዩንም አትተዪ።

የሚያስፈራው ምን አይነት ነው ካልሽኝ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም ነው፣ ኳስ ተጫውቶ ሳይሆን ተኝቶ የሚያመው። በሳምንታት ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚያብጥ፣ ሲነካ የሚሞቅ፣ ልጁን የሚያነክሰው፣ ትኩሳት ወይም መክሳት ያለው። ትኩሳት ካለ የአጥንት ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፣ እኛ አገር ብዙ ነው፣ እሱም ቀን አይሰጥም። እግሩ ከደነዘዘ ወይም የእግሩን ፊት ማንሳት አቅቶት መሬት ለመሬት የሚጎትት ከሆነ ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ከነዚህ አንዱን ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዛው ሳምንት ይዘሽው ሂጂ፣ ትኩሳት ካለው ግን በዛው ቀን። የልጅሽ የቆየ፣ የማያም፣ የማይሞቅ ነው ካልሽኝ ከነዚህ ራቅ ያለ ነው።

(ከጉልበት በታች ፊት ለፊት፣ ቅልጥሙ አናት ላይ ወጥቶ ሲሮጥና ሲንበረከክ ስለሚያመው ጉብታ የጻፋችሁልኝም አላችሁ፣ ያ ሌላ ነው፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያሉ ኳስና ዝላይ የሚወዱ ልጆች ላይ ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን አጥንት ሲስበው የሚመጣ ነው። ረፍትና በረዶ ያስታግሰዋል፣ ህመሙ እድገታቸው ሲያበቃ ይተዋቸዋል፣ ጉብታው ግን ሊቀር ይችላል።)

ኦፕሬሽኑን በተመለከተ፣ እኔ ልጄ ቢሆን አሁን አላስወጣውም። ስራው ከባድ ሆኖ አይደለም፣ ነገር ግን በ9 ዓመቱ ጉብታው ያለው ያችው አጥንት የሚያድግባት ንጣፍ አጠገብ ነው፣ እሷ ከተነካች እግሩ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል፣ ከቆቡ ትንሽ ከቀረም እንደገና ሊበቅል ይችላል። የሚወጣው ሲያመው፣ ነርቭ ወይም የደም ስር ሲጫን፣ እንቅስቃሴ ሲከለክል ወይም አጥንት ሲያጣምም ነው፣ ያለዚያ ቢያንስ እድገቱ ወደማለቁ እስኪጠጋ ይጠበቃል። «ወደ ካንሰር ቢቀየርስ» ትይኝ ይሆናል። አንድ ብቻ ከሆነ ከ100 ሰው 1 እንኳን አይሞላም ነው የሚባለው፣ በዘር የሚሄደው ብዙው ከሆነ ከፍ ይላል፣ ከ100 ከ2 እስከ 5 ይደርሳል፣ እሱም ቢሆን በአብዛኛው ካደጉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የባለቤትሽ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፣ እሱ ማደግ ካቆመ ቆይቷል፣ ክንዱ ላይ ያለው በቅርቡ ጨምሮ ወይም ማመም ጀምሮ እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂው።

ልጁ ኳሱን ይጫወት፣ አትከልክዪው፣ እዛ ቦታ ላይ በጣም ከተመታ ብቻ እይለት። በየቀኑ መነካካቱን ግን ተይ፣ አንቺም ስትጫኚው ይቆጣል፣ ልጁም ፊትሽን እያየ ይፈራል። በየ6 ወሩ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኪና ቀኑን ጨምረሽ ጻፊ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። የአጥንት ስፔሻሊስት ያለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፣ አዲስ አበባ መምጣት ከቻልሽ ጥቁር አንበሳ ወይም የልጆች አጥንት የሚያክመው ኪዩር ሆስፒታል አለልሽ። ስትሄጂ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የኤክስሬዩን ፊልም ያዢ፣ ባለቤትሽንም ይዘሽው ሂጂ፣ ሸሚዙን አውልቆ ክንዱን ለሀኪሙ ያሳይ።