የታካሚው ወረቀት በስልክ ሲወጣ

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ አዘዞ፣ በአንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ሐኪሞች በእንግሊዝኛ የሚጽፉትን የሪፈር ወረቀት ለታካሚዎች በአማርኛ ለማስረዳት ስል፣ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ እሰጠዋለሁ። ባልደረባዬ ግን «የሰው ምስጢር እያወጣሽ ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ስሙን ብሸፍነው አይበቃም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። ስም መሸፈን ጥሩ ቢሆንም፣ ለምሳሌ ዕድሜዋ፣ ሥራዋ፣ ሰፈሯና ሕመሟ በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፈላትን መምህርት፣ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት እንደ አዘዞ ባለ ቦታ፣ ያለ ስምም መለየት አይከብድም። ፎቶው የሚደርሰው ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያ ኮምፒውተር ነው፤ በብዙዎቹ ነፃ አገልግሎቶች ደግሞ ቅንብሩን ካልዘጉት በስተቀር የላኩት ሁሉ ለሞዴሉ፣ ማለትም መልሱን ለሚያመነጨው ፕሮግራም፣ ማሠልጠኛ ሊውል ይችላል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ላይ በተፈጠረ የሶፍትዌር ስሕተት፣ አንዳንድ ተጠቃሚዎች የሌሎችን ውይይት ርእስ ለማየት ችለው ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል፤ ስለዚህ ያለ ታካሚው ፈቃድና ያለ ክሊኒኩ ዕውቅና ሊላክ አይገባም።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን የትርጉሙ ጥራት ነው። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ኦክቶበር 9፣ ጠዋት 8፡00» ተብሎ የተጻፈውን ቀጠሮ፣ መተግበሪያው «ጥቅምት 9፣ 8 ሰዓት» ብሎ ቢያስቀምጠው ዓረፍተ ነገሩ ምንም እንከን የለውም፤ ማንም አይጠራጠረውም። ትክክለኛው ቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 29፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ታካሚዋ 10 ቀን ዘግይታ፣ ያውም ከምሳ በኋላ ትደርሳለች። ያማረ አማርኛ ስሕተቱን ስለሚሸፍነው፣ የመድኃኒት መጠን ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢፈጠር ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ከእንግዲህ ያልገባዎትን አንድ የሕክምና ቃል ብቻ፣ ታካሚውን ሳይጠቅሱ ይጠይቁ፤ ለታካሚው የሚነገረውን ደግሞ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ያረጋግጡት። የላኳቸውን ፎቶዎች ከመተግበሪያውም ከስልክዎም ያጥፉ፤ የሆነውንም ለክሊኒኩ ኃላፊ ይንገሩ። በዚህ መንገድ ቀጠሮ የነገሯቸው ታካሚዎች ካሉ፣ የወረቀቱን ቀን ከካላንደር ጋር አመሳክረው ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።