በቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ ለመወዳደር ለምታስቡ፦ ከጎጃም ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

በቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ቀርቤ አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እዚህ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ቤት ክበባት ጥያቄ አወጣለሁ። የጠያቂውንም የመላሹንም ወንበር ስለቀመስሁት ምክር የሚሻ ሰው አላጣም። ከየወረዳው የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ ዛሬ እመልሳለሁ። «ስንት ብር አገኘሽ?» ላላችሁኝ ብቻ መልስ የለኝም፤ የገዛ እናቴም ገና እየጠየቀችኝ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ እትዬ፣ ሁሉን ማንበብ አይቻልም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከታናናሽ ወንድሞችህ መማሪያ መጽሐፍ ጀምር። ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ሳይንስ ሳትንቅ አንብብ። ጥያቄ አውጪው ሊቅ አይደለም፤ ቀን የተቆረጠበት ሠራተኛ ነው። የሚፈልገውም ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ተምሮ የረሳውን ነገር ነው፤ ተመልካቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ «አውቀው ነበር!» እያለ እንዲቆጭ። ጄምስ ሆልዛወር የተባለው አሜሪካዊ በጎርጎርዮሳውያኑ 2019 «ጄፓርዲ» በተባለው የአገሩ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር 32 ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ፣ አንዱ የዝግጅቱ ምሥጢር የልጆች መጻሕፍት ማንበብ ነበር። ሥዕል አላቸው፣ አያንዛዙም፣ ዋናውን ነገር ብቻ ይነግሩሃል።

ቀጥሎ የተለወጠውን አጥና። ክልሎች ስንት ናቸው ሲባል እስካሁን 9 የሚል ሰው ብዙ ነው። ሲዳማና ደቡብ ምዕራብ ክልል ከሆኑ፣ የቀረው ደቡብም ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ከተከፈለ ወዲህ 12 ናቸው፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮች ስለሆኑ በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ራስ ዳሸንንም የቆዩት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይሉታል፤ አሁን በብዛት የሚሰጠው 4,550 ነው። ያረጀ መጽሐፍ ይዞ መሄድ ካለማንበብ ይብሳል፤ ያላነበበ ቢያንስ ይጠራጠራል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ዓመተ ምሕረቱ ያምታታኛል። የእኛን ልመልስ ወይስ የፈረንጁን?

መልስ፦ ከመድረክ ከሚወድቁት ተወዳዳሪዎች ስንቱ በዚህ እንደሚወድቅ ብታይ ታዝን ነበር። መጀመሪያ፣ ጠያቂው «በማን አቆጣጠር?» ተብሎ ቢጠየቅ ነውር የለውም፤ ጠይቀው። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ 8 አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ስለሆነ በእነሱ 1896 ነው። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ግን ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 በመሆኑ በእነሱ 1913 እንጂ 1914 አይደለም።

እኔ ለልጆቹ ደጋግሜ የምሰጣቸው የአበበ ቢቂላን የሮም ድል ነው። በእነሱ 1960፣ መስከረም ወር ውስጥ ነው ብሎ የሰማ ልጅ 7 ይቀንስና 1953 ይላል። የሮጠበት ቀን ግን ጳጉሜን 5 ስለነበር ዓመቱ 1952 ነው። ውድድሩ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ የልጁ መልስ ልክ ይሆን ነበር። ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ወሩን አብራችሁ ያዙ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከሰከላ)፦ የአባይ ምንጭ የት ነው ተብዬ «ጣና» ካላልሁ ስሕተት ቢሉኝስ? እኔ ግሽ ዓባይ ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ!

መልስ፦ ቁጣህ ይገባኛል። ውኃው ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና እንደሚገባ የሰከላ ሕፃን ያውቀዋል። ጥያቄ አውጪው ግን ፊቱ ያለው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ጣና» ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አጠያየቁን አድምጥ። «ከየትኛው ሐይቅ ይወጣል?» ካለ ጣና በል፤ ሐይቅ ብሎ ጠይቆሃል። «መነሻው የት ነው?» ካለ ግሽ ዓባይ በል፤ ካከራከሩህም ተከራከር። ብዙ ውድድሮች ዳኛ አላቸው፤ አቤቱታ የሚሰማው ግን ቀጣዩ ጥያቄ ከመነበቡ በፊት ነው። ምርጫ ተሰጥቶህ ግሽ ዓባይ ከምርጫዎቹ ውስጥ ከሌለ ግን የአገርህን ክብር ለሌላ ቀን አቆየውና ጣናን ምረጥ።

እግረ መንገዴን፣ ምንጩን ያየው የመጀመሪያው አውሮፓዊ ጄምስ ብሩስ ነው የሚል መልስ አሁንም ይሰማል። ብሩስ የደረሰው በጎርጎርዮሳውያኑ 1770 ነው። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቆሞበታል፤ ከ150 ዓመት በላይ ቀድሞት ማለት ነው። ሁለቱንም ስሞች ያዝ፤ የከረረ ጥያቄ የሚወጣው ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ኤልያስ)፦ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ይጠቅመኝ ይሆን?

መልስ፦ በጣም ይጠቅምሃል፤ ትንሽም ይጎዳሃል። በቃል መያዝ፣ በሰው ፊት ቆሞ መናገር፣ መምህር እያፈጠጠብህ ቅኔ መንገር ለምደሃል፤ ሌላው ተወዳዳሪ ካሜራ ሲያይ ላቡ ሲንቆረቆር አንተ ከዋሸራና ከጎንጅ ቅኔ ቤቶች የወጡ መሪጌቶች ፊት የቆምህ ሰው ነህ። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት መሆኑንም ማንም ሳይነግርህ ትመልሳለህ። ጉዳቱ ግን ይኸውልህ፦ የውድድር ጥያቄ ሰም እንጂ ወርቅ የለውም። የቅኔ ሰው ቀላሉን ጥያቄ ሰምቶ «ይህ ነገር ኅብር ሳይኖረው አይቀርም» ብሎ ሲፈትል ጊዜው ያልቅበታል። የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ መልሱን አውቄ ሌላው ቀድሞ ቁልፉን ይጫናል። ጣቴ ነው ችግሩ ወይስ ጭንቅላቴ?

መልስ፦ ጆሮሽ ነው። ቁልፍ የሚጫነው መልሱ ሲመጣልሽ ሳይሆን ጥያቄው የት ላይ እንደሚያልቅ ስታውቂ ነው። በ«ጄፓርዲ» አንባቢው ሳይጨርስ የተጫነ ሰው ቁልፉ ለሩብ ሰከንድ ይዘጋበታል፤ ያቺ ሩብ ሰከንድ ለተቃዋሚው ትበቃለች። በጎርጎርዮሳውያኑ 2004 በዚያው ውድድር 74 ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ኬን ጄኒንግስ በ2011 ዋትሰን በተባለው ኮምፒውተር ሲሸነፍ፣ ማሽኑ ከዕውቀቱ በላይ የበለጠው በአጫጫን ፍጥነቱ እንደነበር ብዙዎች ተስማምተዋል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ውድድር ግን ጥያቄው ሳያልቅ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ ከሳትሽ ሙሉው ጥያቄ ለተቃራኒው ቡድን ይነበባል። ስለዚህ ሕጉን አስቀድመሽ ጠይቂ። ልምምዱ ቀላል ነው፤ ሰው ያንብብልሽ፣ አንቺ ደግሞ እስክሪብቶ ይዘሽ ጫፉን ተጫኚ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ሳላውቅ ልገምት ወይስ የያዝሁትን ይዤ ልውጣ?

መልስ፦ በቁጥር እንየው። 50,000 ብር ይዘሃል እንበል፤ ብታገኝ 100,000 ይሆናል፣ ብትስት ወደ 10,000 ትወርዳለህ። አራቱም ምርጫዎች እኩል ከመሰሉህ የግምቱ አማካይ ዋጋ 32,500 ብር ነው፤ ውጣ። አንዱን ጥለህ ሦስት ከቀሩህ 40,000 ነው፤ አሁንም ውጣ። ሁለት ብቻ ከቀሩህ 55,000 ይሆናል፤ እዚህ ላይ ሒሳቡ ገምት ይልሃል። እኔ ግን በሁለትም ቢሆን የቤቱን ሁኔታ እጠይቃለሁ። 5,000 ብሩ ትርፍ በወረቀት ላይ ያለ ነው፤ ስትስት ከእጅህ የሚወጣው 40,000 ግን እውነተኛ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ይዞ ይውጣ። ዕዳ የሌለበት ይሞክር፤ ለተመልካችም ደስ ይላል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ መልስ ሲጠፋኝ ስልክ ደውሎ ሰው መጠየቅ ከተፈቀደልኝ ለማን ልደውል? አጎቴ ሁሉን ያውቃል።

መልስ፦ አጎትሽ ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ ረጅም አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ያለሽ ደግሞ 30 ሰከንድ ነው። ሰላምታው ብቻ ይጨርሰዋል። ጥያቄውንና ምርጫዎቹን በአንድ ትንፋሽ አንብበሽ «ከመቶ ስንት እርግጠኛ ነህ?» ብለሽ ጠይቂ። ኔትወርክ በማይቆራረጥበት ቦታ እንዲቀመጥም ከዋዜማው ጀምሮ ንገሪው። በአሜሪካው «ሚሊየነር» ውድድር ከአዳራሹ ተመልካች የተገኘው መልስ 91 በመቶ፣ በስልክ የተገኘው ደግሞ 65 በመቶ ያህል ትክክል ነበር ይባላል። ስለዚህ ሕዝብ የሚያውቀውን ለሕዝቡ፣ ልዩ ሙያ የሚጠይቀውን ለስልኩ ተዪ። በዚያው ውድድር በጎርጎርዮሳውያኑ 1999 ከፍተኛውን ሽልማት መጀመሪያ የወሰደው ጆን ካርፔንተር የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አባቱ ጋር ደውሎ፣ እርዳታ እንደማይፈልግ፣ ሚሊዮኑን ሊወስድ መሆኑን ብቻ ነገራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ምክር አይፈልግም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ምን ልልበስ?

መልስ፦ ደማቅ ነጭ በመብራት ያንጸባርቃል፤ ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝም በካሜራ ይንቀጠቀጣል። የጎጃምን አረንጓዴ ቁምጣና ኮት ለብሰህ ልትኮራ ካሰብህ ደግሞ ስቱዲዮው ከጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ የሚጠቀም እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ፤ አለዚያ ጭንቅላትህ ብቻ ሲንሳፈፍ አገር ያያል። በአንድ ቀን ብዙ ክፍሎች ስለሚቀረጹ ቅያሪም ያዝ። ከደብረ ማርቆስ እንኳ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዋዜማውን ግቡ እንጂ በቀረጻው ዕለት የአባይን በረሃ አታቋርጡ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ አሸናፊው ቀድሞ የታወቀ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በዓለም ሆኖ ያውቃል። በጎርጎርዮሳውያኑ 1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው ውድድር አዘጋጆቹ መልስ አስቀድመው ይሰጡ ነበር። ኸርበርት ስቴምፕል የተባለው ተወዳዳሪ መልሱን እያወቀ እንዲስት ታዞ ለቻርልስ ቫን ዶረን ቦታ ለቀቀ። ቫን ዶረን በ1959 በምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሁሉን አመነ፤ በዓመቱ እንዲህ ያለው ማጭበርበር በሕግ ተከለከለ። ተወዳዳሪም ያታልላል፤ በእንግሊዝ በ2001 ሻለቃ ቻርልስ ኢንግራም በሰው ሳል እየተመራ ሚሊዮን ፓውንድ ሊወስድ ሲል ተይዞ ኋላ ተፈርዶበታል። አንተ መመርመር ያለብህ ጥያቄዎቹ ማን ዘንድ እንደሚቀመጡና ዳኛው ከአዘጋጁ የተለየ ሰው መሆኑን ነው። ውሉንም ሳትፈርም አንብብ፤ ሽልማቱ መቼ እንደሚከፈልና የተጠራው ገንዘብ ግብር የተቀነሰበት መሆኑን በጽሑፍ ይንገሩህ።

ጥያቄ (ከመርጡለ ማርያም)፦ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሁሉ ቢጠፋኝስ?

መልስ፦ ወንበሩ የተሠራው ለዚያ ነው። በጎርጎርዮሳውያኑ 1972 የጀመረው የቢቢሲው «ማስተርማይንድ» ጥቁር ወንበርና አንድ መብራት ብቻ የሚጠቀመው፣ ፈጣሪው ቢል ራይት በጦርነቱ ጊዜ ጌስታፖ ሲመረምረው ያየውን በማስታወስ ነው። ጥያቄውን በልብሽ ድገሚው፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ተንፍሺ። ካልመጣ «እለፈኝ» በይ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ እስኪ ከአገራችን የሚወጡ ጥያቄዎች ጣል አድርጊልን።

መልስ፦ ደብረ ማርቆስ ቀድሞ ማን ትባል ነበር? መንቆረር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከመንገሣቸው በፊት ማን ነበሩ? ራስ አዳል ተሰማ፤ ዐፄ ዮሐንስ በእኛ አቆጣጠር በ1873 አነገሧቸው፣ በዓመቱ ደግሞ እምባቦ ላይ በምኒልክ ተማረኩ። ሀዲስ ዓለማየሁ የት ተወለዱ? እንዶዳም፣ በ1902። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት የት ነው? ኦሜድላ፣ ጥር 12 ቀን 1933። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መቼ ተቀመጠ፣ መቼስ ተመረቀ? መጋቢት 24 ቀን 2003 እና ጳጉሜን 4 ቀን 2017። የትኛው ክልል ነው ቢሏችሁ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጉባ ወረዳ በሉ፤ ይህን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ውድድር በዚህ ዓመት አይኖርም።