መሰላሉን ከመግዛትሽ በፊት

ውድ እህቴ፣

በስፖርት ሳይንስ ከተመረቅሽ አንድ ዓመት ሆኖሻል፤ ጎንደር አዘዞ ውስጥ የታዳጊ ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያለ ክፍያ ታሰለጥኛለሽ። ሙያሽ የፍጥነትና የቅልጥፍና ሥልጠና እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። ባጠራቀምሻት ገንዘብ መሬት ላይ ተዘርግቶ በፈጣን እርምጃ የሚረገጠውን የልምምድ መሰላልና ኮን ልግዛ ወይስ በኢንተርኔት የምስክር ወረቀት ልማር ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ሁለቱም ይቆዩ። ለጊዜው ስቶፕዎች፣ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቁሻል። ከዓመታት በፊት የምስክር ወረቀቱ የበዛ ወጣት ወደ አንድ ክለብ ልኬ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ወረቀቶቹን ወደ ጎን አድርጎ «ማንን አፈጠንክ? በስንት?» አለው። ልጁ መልስ አልነበረውም። አንቺ ግን ቡድን አለሽ፤ መልሱን ከዛሬ ጀምሮ መጻፍ ትችያለሽ።

ከጻፍሽልኝ ውስጥ ያሳሰበኝ አንድ ነገር አለ። ልጆቹን 30 ሜትር አሥር ጊዜ፣ በየመሃሉ 20 ሴኮንድ ብቻ እያሳረፍሽ ታስሮጫለሽ። ይህ ብርታትን ያዳብራል እንጂ ፍጥነትን አይሰጥም። በሙሉ ኃይል ሲሮጥ ጡንቻ የሚጠቀምበት ፎስፎክሬቲን የተባለ የኃይል ክምችት በጥቂት ሴኮንዶች ይመናመናል፤ ተመልሶ ለመሙላት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። መሙላቱ ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች በእረፍቱ አትሰስቺባቸው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ስጪያቸው። አምስት ወይም ስድስት ዙር ይበቃል፤ ሰዓታቸው መዘግየት ሲጀምር አቁሚ። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው «ልጆቹን አቁማ ትውላለች» ይልሽ ይሆናል። በረጅም ርቀት ሯጮች በሚታወቅ አገር ላብ ያላጠመቀው ልምምድ ልምምድ አይመስልም። ታገሺው፤ ደብተርሽ ይመልስለታል።

ስለ መሰላሉም ልንገርሽ። እግር የመሰላሉን ቅደም ተከተል ይሸመድዳል፤ ጨዋታ ላይ ግን ቅልጥፍና ማለት ተጋጣሚን አይቶ፣ ወስኖ፣ መዞር ነው። በልጅነታችን የተጫወትነው አባሮሽ ይህን ሁሉ ይዟል። ጠባብ ሜዳ አስምሪና ሁለት ሁለት እያደረግሽ አጫውቻቸው። ከዚያ በፊት ግን ከሩጫ ላይ መቆም አስተምሪያቸው፦ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ፣ ዳሌ ዝቅ ብሎ፣ በአጫጭር እርምጃ። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይልቅ ይበዛል፤ ብዙውን ጊዜም የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ሲቆሙ ወይም አቅጣጫ ሲቀይሩ ነው። የአንዲት ልጅ ጉልበት ከማንኛውም ሰዓት ይበልጥብሻል።

ሥራን በተመለከተ «የፍጥነት አሰልጣኝ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። በክለቦቻችን መግቢያው በር የአካል ብቃት አሰልጣኝነት ነው። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የዲ፣ ቀጥሎም የሲ አሰልጣኝነት ላይሰንስ ሥልጠና ሲወጣ ተመዝገቢ፤ የያዝሻት ገንዘብ ለዚያ ትጠቅምሻለች። እስከዚያው የስፖርት መምህርነት ካገኘሽ አትናቂው፤ ደመወዝም ሜዳም ይሰጥሻል። ከተማሽ የ2013 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን የፋሲል ከነማ ከተማ ናት፤ የእነሱን በር ስታንኳኪ ደብተሩ በእጅሽ ይሁን።

በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በ10 እና በ30 ሜትር ለኪያቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሙከራ ስጪና የተሻለውን መዝግቢ። በእጅ የሚያዝ ሰዓት ስህተት ስላለው ከ0.1 ሴኮንድ ያነሰ ልዩነትን እንደ ለውጥ አትቁጠሪው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ድገሚና ሁለቱንም ላኪልኝ። የሥራ ማመልከቻሽን ያን ጊዜ አብረን እንጽፋለን።