ላሚኔት ከማሠራትዎ በፊት

ጅማ ያሉ እህታችን የጠየቁት ይህን ነው፦ ከዘመድ ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ የድምፅ አልባ ፊልም ተዋንያን ፎቶ ደርሷቸዋል። ከፊሉ ሻግቷል፣ ከፊሉ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ኦሪጅናል መሆኑን በምን ይለያሉ? ላሚኔት ቢያሠሩትስ ይቆይላቸዋል?

ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሣ። እባክዎ ላሚኔት አያሠሩ። ማሽኑ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ሙጫው አንዴ ከያዘ ደግሞ ምስሉን ሳይልጡ ማላቀቅ አይቻልም። ውስጥ የቀረው እርጥበትም መውጫ ያጣል። ላሚኔት የሆነ ፎቶ ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

ዛሬውኑ የሚያዩት ሌላ ነገር አለ፦ ካርቶኑ ውስጥ ጥቅል ፊልም ወይም ኔጋቲቭ ካለ ለይተው ያውጡት። እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ብዙ ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከሚባል በቀላሉ ከሚቀጣጠል ፕላስቲክ ነበር። ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከሌለ እንደ ናይትሬት ይቁጠሩት። ሲበላሽ ይቢጫል፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ቡናማ ዱቄት ይሆናል። የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያሉትን ፎቶዎች ይበላል። አንዴ ከተቀጣጠለ የሚነድበትን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ በውሃ አይጠፋም። ለመሞከር ብለው ቁራጩን እንኳ እንዳይለኩሱ። ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ አየር በሚያገኝ ዕቃ ውስጥ፣ ሰው ከማይተኛበት ክፍል ይቀመጥ።

አሁን ወደ ሻጋታው። የዚያ ዘመን ፎቶ ምስሉ ያለው ጄላቲን ላይ ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ በመሆኑ ለሻጋታም ለበረሮም ምግብ ነው። የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታው ይነሣል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። ሳይደርቅ በጆንያ የታሰረ ቡና ምን እንደሚሆን እዚያ ለማንም አይነገርም፤ ፎቶም እንደዚያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረቅ፣ ከዚያ መዝጋት። ፀሐይ በማይገባበት ደረቅ ክፍል፣ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ዘርግተው ጥቂት ቀናት ያቆዩት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለዚህ ይመቻል። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲሆን ብቻ፣ ማስክ አድርገው ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ ይጥረጉት። እርጥብ ጨርቅም አልኮልም አይንካው፤ ሻጋታ የበላው ጄላቲን በውሃ ይሟሟል። የተጣበቁትን አይሳቧቸው፤ እንደተጣበቁ ደርቀው ይቀመጡ። ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ካለ ከነመስታወቱ ስካን ያድርጉት። የተጠቀለለውንም በግድ አያቃኑ፤ ይሰነጠቃል።

ኦሪጅናልነቱን ለመለየት ጀርባውን ያስቀድሙ። የስቱዲዮ ወይም የጋዜጣ ማኅተም፣ የተለጠፈ መግለጫ ወረቀት ካለ ትልቅ ነገር ነው፤ እንዳይላጥ። ለማስታወቂያ የሚበተነው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ታችኛው ጥግ ላይም ብዙ ጊዜ የፊልሙ መለያ ቁጥር አለው። ነጩን ጠርዝ አይቁረጡ። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትት ከሆነ ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የታተመ ቅጂ ነው። የሐሰት ብር መለያው ሐምራዊ መብራትም ይረዳል፦ ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ወዲህ የመጣ ማንጫ ተጨምሮበታል። አለማብራቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በማጉያ ሲያዩት ጥቃቅን ነጠብጣብ ከታየ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ መጥፎ ዜና አይደለም፣ በሲኒማ በር የሚሰቀሉት 28 በ36 ሴንቲ ሜትር ካርዶች ድሮም የሚታተሙ ነበሩ። በርሊን የታተሙት የሮስ ፈርላግ (የጀርመን አሳታሚ) የተዋንያን ፖስትካርዶች 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ስሙ ፊት ለፊት ከታች ይነበባል።

ማስቀመጫው፦ ለእያንዳንዱ ፎቶ የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት፣ ከዚያ ጎማ ክዳን ያለው ሳጥን። ሲከፍቱት የአዲስ ላስቲክ ሽታ የሚሸት የፒቪሲ አልበም ግን አሲድ ስለሚያወጣ ይቅር። ለ20 ሊትር ሳጥን 200 ግራም ያህል ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) በቂ ነው፤ ከጫማ ካርቶን የሚገኘው ጥቂት ግራም የትም አያደርስም። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አብሮ ይግባና ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል ይጠብቁት። ከ30 ከወረደ ጄሉን ይቀንሱ፤ ፎቶው ይጠቀለላል። ቀለሙን የቀየረ ጄል በኦቨን በ120 ዲግሪ 2 ሰዓት ይደርቃል። በእንጀራ ምጣድ ግን አይሞክሩት፤ ሙቀቱ ይበዛበታል። ሩዝ አይተካውም፤ አቧራና ነቀዝ ያመጣል። ናፍታሊንም አብሮ አይቀመጥ።

ሳጥኑ ከወለል ከፍ ብሎ ከውጭ ግድግዳው ይራቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ላይ አያውጡት፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡም ላብ ይይዛል። የተዋናዩን ስም ጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ፊት ለፊት ያልፋል። ለሽያጭ ከማውጣትዎ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ ስካን ያድርጉ። የጀርባዎቹን ፎቶ እዚህ ቢለጥፉልን የማኅተሞቹን ዘመን አብረን እናያለን።