ኬጅ ከተባለ ኬጅ ነው

እህቴ፣ የ4 ዓመቱ ዳክሁንድ ውሻሽ ከትናንት ጀምሮ በኋላ እግሩ እየተንገዳገደ ነው፤ ሐኪሙ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ነው አለኝ፣ ቀዶ ጥገና ይሻላል ወይስ ኬጅ ውስጥ፣ ማለትም እንዳይንቀሳቀስ ጠባብ ቦታ ዘግቶ፣ ማሳረፍ ብለሻል። የኔም ቡቺ ዳክሁንድ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ከ3 ዓመት በፊት በዚሁ አልፈናል።

መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። የነዚህ አጭር እግር ውሾች ዲስክ ገና በልጅነታቸው ይደርቃል። አንድ ቀን ከሶፋ ሲወርዱ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ይፈነዳና ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል።

መልሱ የሚወሰነው እግሩ ምን ያህል እንደሚሰማው በማየት ነው። ሐኪሙ መዳፉን ገልብጦ ጀርባውን መሬት ሲያስነካው ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል። ቡቺ እንደተገለበጠ ቆሞ ቀረ። ቢሆንም ይራመድ ስለነበር ኬጅና መድኃኒት ታዘዘለት፤ ቢያንስ 4 ሳምንት።

በ10ኛው ቀን ጭራውን እየቆላ ያለቅስ ጀመር። እንግዳ መጥቶ ቡና ተፈልቷል። አንጀቴን በላውና ከፈትኩለት። አንዷ ቆሎ ጣል አድርጋ ስትጠራው ሮጠ፣ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ፣ በቃ! የኋላ እግሮቹ እንደ ጨርቅ ተጎተቱ። ለካ ሕመሙን ያስታገሰው መድኃኒቱ እንጂ ዲስኩ አልዳነም።

በዚያው ሌሊት ኤምአርአይ ተነስቶ ቀዶ ጥገና ገባ። ዋጋው ያገለገለ መኪና ይገዛል፤ አልዋሽሽም። ደግነቱ ጣቱን በመቆንጠጫ ጠበቅ ሲያደርጉት ዞሮ ጮኸ። እግሩን መሰብሰቡ ብቻ አይቆጠርም፤ መዞር ወይም መጮህ አለበት። ያ ስሜት ካለ በቀዶ ጥገና ከ10 ውሾች 9 ያህሉ መልሰው ይራመዳሉ። ከጠፋ ግን ዕድሉ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ስለዚህ ያንቺ እየተንገዳገደም ቢሆን ከተራመደ ኬጁን ሞክሪ። መቆም ካቃተው ግን ሰኞን አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ውሰጂው። ስታነሺው አንድ እጅሽ ደረቱ ሥር፣ አንዱ ከኋላው ይሁን። ቤት ያለውን አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው፣ ለውሻ መርዝ ነው። ስቴሮይድ ከሌላ የሕመም ማስታገሻ ጋር መደረብም ጨጓራውን ያቆስለዋል፤ የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው።

ቡቺ አሁን ይሮጣል፤ ትንሽ እንደ ሰከረ ሰው ወዘወዝ ይላል እንጂ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ2 ሳምንት ፊኛውን በእጄ እየተጫንኩ ነበር የማሸናው።

ያንቺ ዛሬ በራሱ ሸንቷል? እሱን ቶሎ መልሺልኝ፤ ካልሸና ለሐኪሙ አሁኑኑ ደውዪ።