ትዝ አላቸው ወይስ ናፈቃቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ የምሠራውም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቆዩ ዘፈኖች ይከፈቱላቸዋል። አንዲት የዘጠና ዓመት እናት አሉ። ምሳ ምን እንደበሉ ቢጠየቁ አያውቁትም፤ የእኔንም ስም በየቀኑ ነው የምነግራቸው። ያ ስለ እንግሊዝ «ካንትሪ ጋርደን» የተዘፈነው የድሮ ዘፈን ሲከፈት ግን የአበቦቹን ስም አንድም ሳይዘሉ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ አብረው ይዘፍናሉ። ሲያበቃ እንባቸው ይወርዳል። ይህን ለታላቅ እህቴ በስልክ ስነግራት ሁለት ቦታ ላይ አማርኛው ጠፋኝ። አንደኛ፣ እዚህ «ኖስታልጂያ» የሚሉትን ትዝታ ልበለው ናፍቆት ግራ ገባኝ። ሁለተኛ፣ «ካንትሪ ጋርደን»ን «የገጠር ጓሮ» ብላት «ለጎመን ነው እንዴ የሚያለቅሱት?» አለችኝ። ምን ማለት ነበረብኝ? ልጅዎ ነኝ።

መልስ፦ «ልጅዎ» ብለሽ ጽፈሽልኛልና አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ እዚያው አንቺ የጻፍሽው ውስጥ አለ፤ እኒህ እናት ምሳቸውን ማስታወስ አይችሉም፣ አበቦቹ ግን ትዝ ይሏቸዋል። ማስታወስና ትዝ ማለት በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማስታወስ ሰው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። «ስሙን ለማስታወስ ሞከርኩ» እንላለን፤ «አስታውስ እንጂ!» ብለንም እናዛለን። «ትዝ ለማለት ሞከርኩ» ሲል የሰማሁት ሰው ግን የለም። «ትዝ በል!» ብሎ የሚያዝም የለም፤ ቢበዛ «ትዝ ይበልህ» ነው፣ ያም ቢሆን የሚታዘዘው ሰውየው ሳይሆን ነገሩ ነው። «የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ» ስትዪ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቤቱ ነው፤ አንቺ ያለሽው መጨረሻ ላይ ባለችው «ኝ» ውስጥ ብቻ ነው። ቤቱ ይመጣል፣ አንቺ ትቀበያለሽ። «ትዝ» ራሱን ችሎም አይቆምም፤ እንደ «ብልጭ»ና እንደ «ውልብ» በ«አለ» ተደግፎ የሚሄድ ቃል ነው። ብልጭ የሚለውን ነገር ማንም ጎትቶ አያመጣውም።

አሁን ወደ እኒያ እናት ተመለሺ። የደከመው ማስታወሳቸው ነው፤ ፈልጎ ማምጣቱ። ሳይፈለግ የሚመጣው ግን አሁንም ይመጣል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሌላው ሁሉ ሲጠፋቸው በወጣትነታቸው የለመዱት ዘፈን ብዙ ጊዜ አብሯቸው እንደሚቆይ የሚያክሟቸውም የሚያስታምሟቸውም ያውቁታል። አንቺም በጣታቸው ሲቆጥሩ ያየሽው ይህንኑ ነው። ስለዚህ «አስታወሱ» ብትዪ ኖሮ ቃሉ እውነቱን ያጎድለው ነበር።

በዚህ ዘመን በየርዕሱ የምናየው «ትውስታ» ደግሞ ከማስታወስ ወገን ነው። «የልጅነት ትውስታዬ» ብሎ መጻፍ ስሕተት የለበትም። ከእንባ ጋር ሲሆን ግን ቀዝቀዝ ይልብኛል፤ ተመዝግቦ የተቀመጠ ነገር ይመስላል።

ናፍቆትስ? እዚህ ላይ ሰዋስው ብቻውን አይበቃንም፤ «እናቴ ናፈቀችኝ» ሲባልም ባለቤቷ እናት ናት፣ «እኔ» ተቀባይ ነኝ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። «ያላየሁት አገር ናፈቀኝ» ይባላል፤ «ያላየሁት አገር ትዝ አለኝ» አይባልም። ወልዳ የማታውቅ ሴት «ልጅ ናፈቀኝ» ትላለች፤ «ልጅ ትዝ አለኝ» ግን ልትል አትችልም። በተቃራኒው ደግሞ ታስሮ የተፈታ ሰው እሥር ቤቱ ትዝ ይለዋል፤ አይናፍቀውም። ትዝታ የኖርሽውን ይፈልጋል፣ ወደድሽውም ጠላሽውም። ናፍቆት የሌለሽን ይፈልጋል፣ ኖረሽው አታውቂም እንኳ ቢሆን።

ግዕዙን ያየን እንደሆነ «ናፈቀ» ተጠራጠረ፣ ልቡ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ መናፍቅ የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። መንፈቅ ግማሽ ነው፤ መንፈቀ ሌሊት ሌሊቱ ለሁለት የሚከፈልበት ሰዓት ነው። እኔ በአማርኛ «ናፈቀኝ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ይህ ክፍፍል ይታየኛል። ከአገር ርቀሽ ትኖሪያለሽና ይህን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ኖስታልጂያ» የሚለው ቃል ራሱ መጀመሪያ የተፈጠረው ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ነበር። ዮሃንስ ሆፈር የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1688 በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮ ሠራው፤ «ኖስቶስ» ወደ ቤት መመለስ፣ «አልጎስ» ሕመም። ከአገራቸው ርቀው የከሱና የታመሙ ስዊሶችን አይቶ ነው ለበሽታቸው ስም የሰጠው። ያን ጊዜ ተርጉሙልን ብንባል ያለ ጥርጥር «የአገር ናፍቆት» እንል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከሐኪም ቤት ወጣ፤ ከቦታም ወደ ዘመን ዞረ። ዛሬ እንግሊዞቹ ሲሉት በአብዛኛው ያለፈ ጊዜን ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ትዝታ ይቀርባል። ስለዚህ አንዱን መርጦ ሁልጊዜ እሱን መጠቀም አይቻልም። በየቦታው ማን፣ ምን ኖሮ፣ ምን አጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

አንቺ በጠየቅሽኝ ዘፈን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ያምራል። ዜማው ከግጥሙ በብዙ ይቀድማል። በእንግሊዝ ገጠር ነጭ ለብሰው፣ እግራቸው ላይ ትንንሽ ቃጭል አስረው የሚጨፍሩት ሞሪስ የሚባል ጭፈራ አለ። ሴሲል ሻርፕ የተባለ የሙዚቃ መምህር እ.ኤ.አ. በ1899 በገና ማግስት ኦክስፎርድ አጠገብ በሄዲንግተን ይህን ጭፈራ አየ። መሣሪያውን ይጫወት የነበረው ዊልያም ኪምበር የሚባል ግንበኛ ነው፤ ሻርፕ ከእሱ ብዙ ዜማ ጻፈ፣ ይህም አንዱ ነው። በ1918 ደግሞ የአውስትራሊያ ተወላጁ ፐርሲ ግሬንጀር ለፒያኖ አዘጋጀው። አበቦቹ በስማቸው የሚቆጠሩበት ግጥም ግን በእንግሊዝ የተወደደው በ1962 ነው፤ ዘፋኙም ጂሚ ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ዘፈኑ በአትክልቱ ቦታ ስንት ዓይነት አበባ እንዳለ ይጠይቅና ይዘረዝራል፤ ቀጥሎ ነፍሳቱን፣ ከዚያ ወፎቹን። ከወፎቹ መካከል ቦቦሊንክና ታናገር አሉበት። እነዚህ የአሜሪካ ወፎች ናቸው፤ በእንግሊዝ ጓሮ ጎጆ አይሠሩም።

ይህን ስሕተት ብዬ ልነቅፈው አልፈልግም። የአማርኛውን ልዩነት ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኛል። ግጥሙ የናፍቆት ግጥም ነው፤ ያን ቦታ ከሩቅ ሆኖ የሚመኝ ሰው ቤቱ ያሉትን ወፎች ሳይቀር እዚያ ያሰፍራቸዋል። የእኒያ እናት እንባ ግን የትዝታ እንባ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል የምለው ስለማላውቅ ነው፤ አንቺ ግን ልታውቂ ትችያለሽ። አበባ ተክለው ያውቁ እንደሆነ አንድ ሐሙስ ከዘፈኑ በኋላ ጠይቂያቸው። ተክለው ከነበረ ትዝ ብሏቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከተማ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ኖረው ከሆነ ናፍቋቸው ነው። በአንድ ዘፈን አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት አሮጊቶች አንዷ ትዝ ሲላቸው ሌላዋን ሊናፍቃቸው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ትዝታ ለእኛ ቃል ብቻ ሳይሆን ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። «የድሮ ትዝታ ዘፈን ሰምተው አለቀሱ» ያልሻት እንደሆነ እህትሽ ጆሮ የሚመጣው ዝግ ያለው የእኛው ዜማ ነው፤ የእንግሊዙ ደግሞ እግር የሚያነሳ ፈጣን የጭፈራ ዜማ ነው። ስለዚህ ትዝታውን ከዘፈኑ ላይ አንሥተሽ ለሰውየዋ ስጪ። «የቆየ ዘፈን» ማለትሽንም ወድጄዋለሁ። «አሮጌ ዘፈን» አይባልም፤ አሮጌ የሚሆነው ጫማና ቤት ነው።

ወደ ጓሮው እንግባ። እህትሽ ለምን ጎመን እንደታያት ይገባኛል። ጓሮ በአማርኛ ከቤት በስተኋላ ነው፤ ጎመን፣ ጌሾ፣ ቃሪያ የሚበቅልበት። ተንኮል ያለበትን ነገር እንኳ «በጓሮ በር ገባ» እንላለን፤ ከዓይን የራቀ ቦታ ነው። የእንግሊዞቹ አበባ ግን ደጃፍ ላይ፣ ከመንገድ የሚታየው በኩል ጭምር ነው ያለው። ታዲያ ሌላ ቃል እንፈልግ ብንል እያንዳንዱ የየራሱ ችግር አለበት። «የአትክልት ቦታ» ትክክል ነው፣ ግን የግብርና ቢሮ ይሸታል። «መናፈሻ» ነፋስ የሚወሰድበት የሕዝብ ቦታ ነው፤ የማንም እናት አልተከለችውም። «ገነት» በጥንት ትርጉሙ የተክል ቦታ ነው፣ በአዲስ አበባ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ወደ ሰማይ ስለወጣ ስለ ዘጠና ዓመት እናት እያወራሽ «ገነት» ብትዪ መርዶ ይመስላል።

በጣም የምሳሳለት «አጸድ» ነው። በግዕዝ የታጠረ የተክል ቦታ ማለት ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1840 ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት «የልጆች የአትክልት ቦታ» የሚል ስም አወጣ፤ የእኛ ሰዎች ሲተረጉሙት «አጸደ ሕፃናት» አሉት። ከዚህ የተሻለ ትርጉም በአማርኛ ብዙ አላየሁም። ያለፈውን ሰውም «በአጸደ ነፍስ» እንለዋለን። ብቻ አጸድ ዛሬ የሚኖረው በእነዚህ ጥምር ቃላትና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ በስልክ ብታነሺው እህትሽ ታቋርጥሻለች።

ስለዚህ ዞሬ ዞሬ ወደ አንቺው «ጓሮ» ተመለስኩ። እናቴ ቡና ስታፈላ «ሂድ ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥስልኝ» ትለኝ ነበር። ቅጠሏን ስኒው ውስጥ ከጨመረች በኋላ ሽታው ጣቴ ላይ ይቀራል፤ እስኪመሽ አሸትተው ነበር። አጠገቡ በሶብላ፣ ከአጥሩ ሥር አሪቲ፣ ወዲያ ደግሞ ጎመኑ። ሽታውም መድኃኒቱም ወጡም አንድ ላይ። የእንግሊዝ ባላገር ጓሮም ዱሮ እንዲሁ ነበር፤ ጎመኑና ሽንኩርቱ ከመድኃኒት ቅጠሉና ከአበባው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚበቅለው።

መለወጥ ያለበት «ገጠር» ነው። በእንግሊዝኛ «ካንትሪ» ሲባል አገርም ገጠርም ነው። በአማርኛ «ገጠር» የከተማ ተቃራኒ ብቻ ነው፤ በከተማ ሰው አፍ ደግሞ የጎደለ ነገር ያለበት ይመስላል። «አገር ቤት» ግን ልክ እንደ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይይዛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው «አገር ቤት ሄደ» ሲባል የተወለደበት ቀበሌ ነው፤ አንቺ እዚያ ሆነሽ «የአገር ቤት በርበሬ» ስትዪ ኢትዮጵያ ናት። ቃሉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚናፍቅ ሰው አለ። «የአገር ቤት የአበባ ጓሮ» ብትዪ «አበባ» ጎመኑን ወደ ጎን ያደርገዋል፣ «አገር ቤት» ደግሞ እንባውን ያስረዳል።

የአበቦቹን ስም አልጠየቅሽኝም፤ ግን እህትሽ መጠየቋ አይቀርም። ጽጌረዳ ጽጌረዳ ናት። ፎክስግላቭን ወይም ሆሊሆክን ቃል በቃል አትተርጉሚ፤ እንደሚጠሩት ጥሪያቸው። ያቺን ትንሿን ሰማያዊ፣ ፎርጌትሚኖትን ግን «አትርሱኝ» በያት። ስሟ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኛም ስሙ «በሶ ብላ!» ብሎ የሚያዝ የሚመስል በሶብላን ያህል ቅጠል በጓሯችን አለንና አይከብደንም።

ለእህትሽ መልሰሽ ስትደውዪ እንዲህ በያት፦ «ያን የቆየ ዘፈን ሲሰሙ የአገር ቤት የአበባ ጓሯቸው ትዝ ብሏቸው አለቀሱ።» ጓሮ ኖሯቸው የማያውቅ ከሆነ «ናፍቋቸው አለቀሱ» በያት። ጎመን ነበረበት ወይ ካለችሽም፣ አዎ፣ ነበረበት።